ትንፋሽሽን ከማሠልጠንሽ በፊት በሩን ክፈቺ

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ከመንዝ መጥታ ደብረ ብርሃን ላይ ከጓደኛዋ ጋር ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ አምና በአካውንቲንግ የተመረቀች ወጣት ናት። ለተመዘገበችበት የባንክ ጀማሪ ሠራተኞች ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። እኩለ ሌሊት ላይ ተኝታ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች፤ ነገር ግን ደብተሩን ስትከፍት ራሷ ይከብዳታል፣ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ታነባለች። በስልኳ ያየችውን የጠዋት የትንፋሽ ልምምድ፣ ማለትም 30 ጊዜ በፍጥነት ተንፍሶ ትንፋሽን መያዝን፣ ብትሞክረው እጇ ደነዘዘና ደነገጠች። «ይህ ነገር በእርግጥ ጉልበትና ትኩረት ይሰጣል? ለቃለ መጠይቅስ ይረዳኛል?» ስትል ትጠይቃለች።

እህቴ፣ ስለ ልምምዱ እመልስልሻለሁ። ግን እግረ መንገድሽን የጻፍሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር አስደንግጣኛለችና ከእርሷ ልጀምር። «ብርዱ ስለማያስቀምጥ ከሰል አቀጣጥለን፣ በሩን ዘግተን ነው የምናነበው» ብለሻል። ዝቅ ብለሽ ደግሞ «ገበያ ስወጣ ቀለል ይለኛል፤ ጓደኛዬም ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል» ትያለሽ። ሁለት ሰው፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ራስ ምታት፣ ከቤት ሲወጡ ደግሞ የሚለቅ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይህ ግን ስንፍናም የትኩረት ማነስም አይመስለኝም። መጀመሪያ የምጠረጥረው ማንደጃውን ነው።

ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ሳንባ ከገባ በኋላ፣ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ደሙ መዞሩን አያቆምም፤ አንጎል ግን ድርሻውን ያጣል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን የሚወስድ ነውና ጉድለቱ ቶሎ ይሰማዋል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሐሳብ ይፈዛል። ብዙ ሰው «ጭሱ አልቆለታል፣ ፍም ሆኗል፣ ከእንግዲህ አይጎዳም» እያለ ማንደጃውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ጭስ የሌለው ፍምም ያንኑ ጋዝ ያወጣል።

ይህን የምነግርሽ ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው። ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ የኅዳር ሌሊት፣ ሦስት ሆነን በተከራየነው ክፍል ማንደጃ አስገብተን፣ የበሩን ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ወትፈን ተኛን። ሌሊት ልወጣ ብዬ ስነሣ ጉልበቴ ከዳኝ። ግድግዳውን ተደግፌ በሩን ከፈትሁና ውርጭ የመታው ሣር ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። ያነቃኝ የሣሩ ቅዝቃዜ ነው። ጮኼ አከራያችንን ቀሰቀስኋቸው፤ ሁለቱን ጓደኞቼን በብብታቸው ይዘን እየጎተትን አወጣናቸው። ሁለቱም ተርፈዋል። እስከ ዛሬ ግን የከረጢቱ ቢጫ ጽሑፍ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉት፣ ደጅ ሙቁት፣ ደጅ አጥፉት። ለንባብ ሁለት ካልሲ ደርቢ፣ ጋቢሽን ተከናነቢ፣ ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለሽ ጭንሽ ላይ አድርጊ። የምትኖሩት በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በታወቀች ከተማ ነው፤ ለአንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ የምታወጡት ገንዘብ ለፈተናው ከምትገዢው ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥ ይጠቅምሻል። ከሰሉ ከወጣ በኋላም ራስ ምታቱ ከቀጠለ፣ ወይም ማስመለስና ማዞር ከመጣ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የከሰሉንም ነገር ሳትደብቁ ንገሯቸው።

«ደብረ ብርሃን ከፍታ ስለሆነ አየሩ ያንሳል፤ ለዚህ ነው የሚደክምሽ» የሚልሽም አይጠፋም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚህም እንደ ማንኛውም ስፍራ 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው ከቆላ የመጣ እንግዳ ነው። አንቺ የመንዝ ልጅ ነሽ፤ ሰውነትሽ በዚህ አየር ተሠርቷል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በፍጥነት መተንፈሱን ተዪው። እጅሽን ያደነዘዘው ኃይል አልነበረም። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደምሽ ከመጠን በላይ ይወጣል፤ በዚህ ምክንያት የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ጣቶችም ይደነዝዛሉ። ሊፈተን ለሚያነብ ሰው አንጎሉ የሚደርሰውን ደም መቀነስ ምን ይበጀዋል? አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰውማ ጭራሽ አይመከርም።

እኔ የምመክርሽ ዝግ ያለውን ነው። እንደተነሣሽ፣ ስልክሽን ሳትነኪ፣ ፊትሽን ታጠቢ። በሩን ወለል አድርጊው፤ ብርዱ ይግባ፣ ለዚህች ጥቂት ደቂቃ አይገድልሽም። ጋቢሽን ተከናንበሽ ዱካ ላይ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፤ አንድ እጅሽን ሆድሽ ላይ አሳርፊ። በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ አየር ሳቢ፤ ከፍ ማለት ያለበት ሆድሽ ነው፣ ትከሻሽ አይደለም። ከዚያ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ማለት ነው። ዐርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ቢያስጨንቅሽ አትገረሚ። ከጨነቀሽ 3 እና 4 አድርጊው። 5 ደቂቃ ይበቃል።

ማስወጣቱ ከማስገባቱ የሚረዝመው በምክንያት ነው። ልብ አየር ስናስገባ ትንሽ ትፈጥናለች፣ ስናስወጣ ትረጋለች፤ መውጫውን ስታስረዝሚ የመርጊያውን ጊዜ አበዛሽላት ማለት ነው። ትኩረቱ የሚመጣው ደግሞ ከቆጠራው ነው። ሐሳብሽ ወደ ቤት ኪራዩ ይሄዳል፣ ወደ 4 ትመልሺዋለሽ፤ ወደ ፈተናው ይሄዳል፣ ትመልሺዋለሽ። ሒሳብ ላይ ቁጭ ስትዪ የሚያስፈልግሽ ይኸው መመለስ ነው። ነገር ግን ትንፋሽ የእንቅልፍን ዕዳ አይከፍልም። ከእኩለ ሌሊት እስከ 11 ሰዓት 5 ሰዓት ብቻ ነው፤ አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ያስፈልገዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝተሽ በ11 ተነሺ፤ ሌሊት የምታነቢያቸው ሁለት ሰዓታት ይቀሩብሻል፣ የጠዋቶቹን ግን ታተርፊያለሽ። የማታውን ቡናም ወደ ከሰዓት መልሽው፤ ካፌይን ከጠጡት ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ከባዱን የሒሳብ ክፍል ትንፋሹን እንደጨረስሽ ያዢ፣ በተለይ በጾም ቀን።

ስለ ቃለ መጠይቁ የምነግርሽ ሥራ ፈላጊዎችን ለቃለ መጠይቅ ሳለማምድ ደጋግሜ ያየሁትን ነው። የአማርኛ ግሥ የሚቀመጠው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። የደነገጠ ሥራ ፈላጊ በደረቱ ብቻ ስለሚተነፍስ አየሩ ሳይጨርስ ያልቅበታል፣ ግሡንም ይውጠዋል። አንዲት ልጅ ፊቴ ተቀምጣ «በተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ የድርጅቱን የወጪ መዝገብ ሁለት ወር ሙሉ ብቻዬን…» አለችና ድምፅዋ ጠፋ። ያዝሁ ነው? አየሁ ነው? አልሰማሁም። ደግማ ብትለው «ያዝሁ» ነበር፤ ሁለት ወር የደከመችበት ነገር በትንፋሽ ማጠር ልትቀር ነበር። ስለዚህ ጠያቂው እንደጨረሰ ቶሎ አትመልሺ። አንድ ጊዜ በሆድሽ ተንፍሺ፣ ከዚያ ጀምሪ፤ የሁለት ሰከንድ ዝምታ ማንም አይቆጥርብሽም። በረጅሙ ዓረፍተ ነገር ፈንታ አጭር አድርጊው፣ ግሡንም እስከ መጨረሻው ፊደል አሰሚ። ወረፋ ስትጠብቂም የሌላውን ሰው ፊት ከምታነቢ ያንኑ 4 እና 6 ቁጠሪ፤ ማንም አያይሽም።

ልምምዱን ጮክ ብለሽ አድርጊው፤ ጓደኛሽ ጠያቂ ትሁን። «ስለ ራስሽ ንገሪን» ከሚለው ጀምሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የራስ ምታቱን ነገር ጻፊልኝ፤ ከፈተናው ውጤት በፊት የምጠብቀው እርሱን ነው። ዛሬ ማታም ማንደጃውን ከማንሣታችሁ በፊት ይህን ደብዳቤ ለጓደኛሽ አንብቢላት።