ዓይን ጨፍኖ መንቀሳቀስ፦ ጥፋቱ ከምስክሯ ነው

«ኦተንቲክ ሙቭመንትን ከጓደኛዬ ጋር ቤት ውስጥ ሞከርነው፤ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ግን ዓይኔን ስጨፍን አፍራለሁ፣ ሰውነቴም ይደርቅብኛል። ምን አጠፋን?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦

ኦተንቲክ ሙቭመንት አንዷ ዓይኗን ጨፍና ከውስጥ የሚመጣውን እንቅስቃሴ የምትከተልበት፣ ሌላዋ ደግሞ «ምስክር» ሆና ዝም ብላ የምታይበት ልምምድ ነው። ሌላውን ሁሉ ትክክል ብትሠሩም ምስክር የሆነችው ጓደኛሽ እንቅስቃሴሽን ሳትተረጉምልሽ አልቀረችም። አብዛኛው ሰው የሚደርቀው በዚህ ነው። ለማንኛውም ከወለሉ ልጀምር።

1. ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ባዶ ቦታ ይበቃል። ምንጣፉን ጠቅልላችሁ አውጡት፣ ጫፉ ይጠልፋል። ካልሲ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል፤ በባዶ እግር ይሁን። ሙዚቃ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ሰውነትሽ ምቱን ይከተላል።

2. ሰዓት የምትይዘው ምስክሯ ናት። በ10 ደቂቃ ጀምሩ። የስልክ አላርም ያስደነብራል፤ ደወል ከሌለ ብርጭቆ በማንኪያ መታ ማድረግ ይሻላል። ዓይንሽን ጨፍነሽ ጠብቂ። ምንም ባይመጣ ዝም ብሎ መቆሙም ልምምድ ነው። ትከሻሽ ወደ እስክስታ ካዘነበለ አትከልክይው፣ ግን አዘግዪው፤ ልማድ ብቻ ከሆነ ሲዘገይ ይከስማል፣ ከውስጥ የመጣ ከሆነ መልኩን ቀይሮ ይቀጥላል። በኃይል መዞር ካሰኘሽ ዓይንሽን በስሱ ግለጪ፣ አለዚያ ግድግዳ ነው። ከምሳ በኋላ ተጋድመሽ ከጀመርሽ ደግሞ ትተኛለሽ።

3. ደወሉ ሲሰማ ወዲያው አይወራም። አምስት ደቂቃ ጻፊ። ቀጥሎ መጀመሪያ የምትናገሪው አንቺ ነሽ፤ ምስክሯ የምትናገረው ከፈቀድሽላት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። «እናትሽን እያሰብሽ ነበር አይደል?» «ውስጥሽ ንዴት አለ» ካለች አለቀ፤ በሚቀጥለው ቀን የምትንቀሳቀሺው ለእሷ ግምት ነው። ማለት ያለባት ያየችውንና በራሷ ሰውነት የተሰማትን ነው፦ «እጆችሽን ደረትሽ ላይ ስትሰበስቢ አየሁ፤ እኔ ትንፋሼ አጠረኝ።» በቃ። «ጎበዝ፣ ሲያምርብሽ!» የሚለውም ያው ነው፤ ልምምዱን ትርኢት ያደርገዋል።

ሜሪ ስታርክስ ኋይትሃውስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሎስ አንጀለስ ላይ ይህን መንገድ ስትጀምር ከዘመናዊ ዳንስ ፈር ቀዳጆቹ ከማርታ ግራሃምና ከሜሪ ቪግማን የተማረች ዳንሰኛ ነበረች፤ ዳንስ አሳምራ እያወቀች የፈለገችው ግን «እኔ ነኝ የማንቀሳቅሰው» እና «የሚያንቀሳቅሰኝ ነገር አለ» በሚሉት መሀል ያለውን ልዩነት ነው። የምስክርን ሥራ እንዲህ በሥርዓት ያበጀችው ተማሪዋ ጃኔት አድለር ናት። ዛሬ ግን «ሂሊንግ» (ፈውስ) ብሎ ገንዘብ የሚቀበለው ሁሉ ሙዚቃውን ለቆ «ልቀቂው፣ አልቅሺ» እያለ ይጮሃል። የማንን እንቅስቃሴ ነው የሚያዳምጠው?

ድንገት ስሜት ከገነፈለብሽ ሰዓቱ እስኪያልቅ አትታገዪ። ዓይንሽን ግለጪ፣ እግርሽን ወለሉ ላይ ጫን አድርጊ፣ በዙሪያሽ ያሉ ዕቃዎችን በስማቸው ጥሪ። ከባድ ጉዳት አልፎብሽ ከሆነ ወይም እውነታው የሚምታታብሽ ጊዜ ካለ፣ ይህን ከጓደኛ ጋር ሳይሆን ከባለሙያ ጋር አድርጊው።

አሁን ለሁለት ሳምንት ምስክሯ ጭራሽ አትናገር፤ ተያይታችሁ ብቻ ተለያዩ። ቦታም ተለዋወጡ፤ አንዴ እሷም ዓይኗን ጨፍና ትቁም።