አብራሪ ሕይወት ለማዳን ደንብ ቢጥስ ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነው የምኖረው። ልጄ የአነስተኛ አውሮፕላን አብራሪ ነው። በረራ ላይ እያለ ተሳፋሪ በጠና ቢታመምበትና ከተሰጠው መስመርና ከፍታ ወጥቶ ቢያርፍ ይቀጣል? በምጥ የተያዘች እናት ለማምጣት ሲል በጨለማ መብራት ከሌለው ሜዳ ቢያርፍስ?

መልስ፦ እናታችን፣ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ ቢመሳሰሉም በሕግ ፊት በጣም ይራራቃሉ። በመጀመሪያው አደጋው አየር ላይ አግኝቶታል፤ በሁለተኛው ግን መሬት ላይ ሆኖ፣ አስቦና ወስኖ ወደ አደጋው ይሄዳል።

በመጀመሪያው ሕጉ ከልጅዎ ጎን ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ውል፣ የቺካጎ ስምምነት፣ አኔክስ 2 (አባሪ 2)፣ ለደኅንነት ፍጹም አስፈላጊ ሲሆን ዋና አብራሪው ከበረራ ደንብ እንዲወጣ ይፈቅዳል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 75ም ራስን ወይም ሌላን ሰው ከተቃረበ ከባድ አደጋ ለማዳን የተፈጸመ ድርጊት፣ ሌላ ማስወገጃ ካልነበረ አያስቀጣም ይላል።

ፈቃዱ ግን ልክ አለው። ከመስመር መውጣት ካስፈለገ ይውጣ፤ ያ ማለት በደመና ውስጥ ከተራራ ከፍታ በታች ይውረድ ማለት አይደለም። ከሁሉ በፊት በሬዲዮ ይናገር፦ ለታመመ ተሳፋሪ «ፓን ፓን» ሦስት ጊዜ፣ አውሮፕላኑ ራሱ አደጋ ላይ ከሆነ «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፤ ለሜይዴይ ትራንስፖንደሩን (አውሮፕላኑን ለተቆጣጣሪው ራዳር የሚያሳውቀውን መሣሪያ) በአደጋ ጊዜ ኮድ 7700 ላይ ያድርግ። ያለበትን ቦታና ከፍታ፣ የሕመሙን ዓይነት፣ የት ማረፍ እንደሚፈልግ፣ የሰዎቹን ቁጥርና የቀረውን ነዳጅ ይንገር። ተቆጣጣሪው ሌሎቹን አውሮፕላኖች ከመንገዱ የሚያርቅለትና አምቡላንስ የሚያስጠራለት ይህን ሲሰማ ነው። ሳይናገር የወረደ አብራሪ አንድ ሰው ሊያተርፍ ብሎ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ሊጋጭ ይችላል። በኋላ ሲጠየቅም ማስረጃ የለውም።

ካረፈ በኋላ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ወዲያውኑ ያሳውቅ። የጽሑፍ ሪፖርት ሲጠየቅ በዚያው ስምምነት አኔክስ 6 መሠረት የተለመደው ጊዜ 10 ቀን ነው። የሆስፒታሉን የሕክምና ማስረጃ ኮፒ ይያዝ። አውሮፕላኑ የድምፅ መቅጃ ካለው ቅጂው እንዲጠበቅ በዚያው ቀን ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ የመጨረሻዎቹን 2 ሰዓታት ብቻ ይዘው የቀደመውን ያጠፋሉ።

ሁለተኛው ነው እኔን የሚያስፈራኝ። መብራት የሌለው ሜዳ ላይ ገደልም ሆነ ከብት የሚታየው ሲደረስበት ነው። ነርሷም፣ አስታማሚውም፣ ምጥ ላይ ያለችው እናትም ከነልጇ አብረው ይጠፋሉ። ዐቃቤ ሕግ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ?» ብሎ ነው። ሐዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል አላት፤ ወደ አዲስ አበባም 275 ኪሎ ሜትር ገደማ የአስፋልት መንገድ አለ። መኪና ሊደርስ ይችል ከነበረ ወይም ልጅዎ በገዛ ጥፋቱ ራሱን አደጋ ውስጥ ከከተተ፣ ጉዳዩ ወደ አንቀጽ 76 ይሄዳል፤ እሱ ቅጣት ያቀላል እንጂ ነጻ አያወጣም። የበረራ ፈቃዱ መታገድና የተጎጂዎች የካሣ ክስም ከወንጀሉ ተለይተው ሊመጡበት ይችላሉ።

ሰዎች ጨንቋቸው «ና ውሰዳት» ቢሉትና እምቢ ቢል ጥፋተኛ እንዳይመስለው ይንገሩት። በአንቀጽ 575 እርዳታ ባለመስጠት የሚጠየቀው በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያደርስ መርዳት ሲችል የተወ ሰው ነው። በጨለማ ያንን ሜዳ አለመሞከሩ ከዚህ ውስጥ አይገባም። ይልቅ ወዲያው አምቡላንስ ያስጠራ፤ እናትየዋ በአምቡላንስ እየተጓዘች ሳለ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ደውሎ ልዩ ፈቃድ ይጠይቅ፣ የመለሰለትን ሰው ስምና ሰዓቱንም ይመዝግብ። ፈቃድ ከመጣም ከታወቀና መብራት ካለው ማረፊያ ይቀበላት።