በትከሻቸው «ካናዳ»፣ በቆባቸው የብሪታንያ አርማ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፦

በካናዳ ሰስካችዋን ክፍለ ሀገር ከባለቤቴና ከዘጠኝ ዓመት ልጃችን ጋር የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ባለቤቴ የዚሁ አገር ተወላጅ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ለሦስት ትውልድ ስንዴ ሲያርስ ኖሯል። የአማቴ አባት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ዘምተው፣ በመቶ አለቅነት አገልግለው ተመለሱና እ.ኤ.አ. በ1991 እስኪያርፉ ድረስ ያንኑ መሬት አረሱ፤ ስለ ጦርነቱ ግን ትንፍሽ አላሉም።

አማቴ ባለፈው ዓመት የእርሻውን ቤት ሲለቁ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ሰጡኝ። በውስጡ በክር የታሰሩ ደብዳቤዎች፣ ስም ያልተቀረጸባቸው ሜዳሊያዎችና አንድ ፎቶግራፍ አሉ። በፎቶግራፉ ላይ ትከሻቸው «ካናዳ» ይላል፤ የቆባቸው አርማ ግን የአንድ የብሪታንያ ሬጅመንት (የጦር ክፍል) ነው። ከጀርባው የተጻፈው የውትድርና ቁጥርም «ሲ ዲ ኤን» በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። አንድ የባለቤቴ ዘመድ «ከራሱ ጦር አባረውት ይሆናል እንጂ የሰው አርማ ምን ያደርግለታል?» ሲል ሰምቻለሁ። አማቴም ይህን ሐሜት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሳይሰሙት የቀሩ አይመስለኝም፤ ሣጥኑን ሲሰጡኝ «አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ እኔ አልከፍተውም» ነው ያሉኝ።

ልጄ ኖቬምበር 11 ለሚውለው የመታሰቢያ ቀን ስለ ቅድመ አያቱ በክፍል ውስጥ እንዲናገር ታዟል። የእኔ አያት ጣሊያንን የተዋጉ አርበኛ ነበሩ፤ ታሪካቸው ግን የሚያውቁት ታላቅ አክስቴ ሲሞቱ አብሮ ተቀበረ። ያ ጸጸት «ክፈቺው» ይለኛል፤ ምራትነቴ ደግሞ እጄን ይይዘኛል። ምን ላድርግ?

ምራት፣ ከሰስካችዋን

መልስ

ውድ እኅቴ፦

አስቀድሜ ስለ አርማው ልንገርዎ፤ የቤተሰቡ ሐሜት የቆመው በእርሱ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ የብሪታንያ እግረኛ ጦር ፈረንሳይ ውስጥ ወዳለችው ኖርማንዲ ለመሻገር ሲዘጋጅ የበታች መኮንኖች አጥረውት ነበር፤ ካናዳ በበኩሏ አሠልጥና ቦታ ያላገኘችላቸው መቶ አለቆች ነበሯት። በዚህም ምክንያት «ካንሎን» በተባለው ስምምነት 673 የካናዳ መኮንኖች በፈቃዳቸው ለብሪታንያ ጦር በውሰት ተሰጡ። እነዚህ ሰዎች የተመደቡበትን የብሪታንያ ሬጅመንት አርማ በቆባቸው ቢያደርጉም፣ «ካናዳ» የሚለውን ጽሑፍ ከትከሻቸው አላወረዱም፤ ቁጥራቸውም እርስዎ በጠቀሷቸው በእነዚያው ሦስት ፊደላት ይጀምር ነበር። የላኩልኝ ምልክቶች ሁሉ ወደዚህ ያመለክታሉ። በሜዳሊያዎቹ ላይ ስም አለመኖሩም አያስጨንቅዎ፤ ካናዳ ለዚያ ጦርነት ዘማቾቿ የሰጠቻቸው የዘመቻ ሜዳሊያዎች ስም አይቀረጽባቸውም ነበር።

ሠላሳ ያህል እግረኛ የሚመራ መቶ አለቃ ከሰዎቹ ፊት የሚሄድ ነው። ከ673ቱ 128ቱ ሞተዋል፤ የቆሰሉትና የተማረኩት ሲጨመሩ ጉዳት የደረሰባቸው ከሦስት እጅ ሁለቱን ያልፋሉ። ስለ አማትዎ አባት ዝምታም አንድ ነገር ይታየኛል። ጎረቤቶቻቸው በአብዛኛው በአገራቸው ሬጅመንቶች አብረው ዘምተው፣ አብረው ተመልሰው፣ የሞተባቸውን አብረው የሚያነሱ ነበሩ። እርሳቸው የመሯቸው ወታደሮች ግን ከጦርነቱ በኋላ በብሪታንያ ቀርተዋል፤ በመከር ሰዓት ከአጥር ማዶ «ያን ቀን ታስታውሳለህ?» የሚላቸው ሰው አልነበረም። ይህ ብቸኝነት ከፍርሃትም ከኀፍረትም የተለየ ነው፤ አማትዎም ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ደብዳቤዎቹን ብቻዎን አይፍቱ። ፎቶግራፉን ይዘው ይሂዱና ከላይ የነገርኩዎትን ያስረዷቸው፤ ከዚያ በኋላ መክፈትም አለመክፈትም የእርሳቸው ይሁን። በካናዳ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የተቀመጠውን የአገልግሎት ማኅደር በተመለከተ፣ የማኅደሩ ባለቤት ከሞቱ ከ20 ዓመት በላይ ስለሆነ የሞት ማስረጃ አያይዞ ማንም ሊጠይቅ ይችላል። ሕጉ አይከለክልዎትም፤ እኔ ግን ማመልከቻው ላይ የአማትዎ ፊርማ እንዲያርፍ አደራ እላለሁ። ማኅደሩ ሲመዘገቡ የሰጡትን ቃል፣ የት እንደሠለጠኑ፣ የት እንደተመደቡ፣ ቆስለው ከነበረም የሕክምናውን ወረቀት ይይዛል። የየዕለቱ ውሎ ግን ያለው በተመደቡበት የብሪታንያ ሻለቃ ጦር የጦርነት ውሎ መዝገብ ነው፤ እርሱም ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ከባድ ነገር ሊወጣ ስለሚችል፣ ፖስታው ሲመጣ አማትዎ ብቻቸውን ባይከፍቱት ይሻላል።

ማኅደሩ ለትምህርት ቤቱ ቀን ላይደርስ ይችላል፤ ልጅዎ ግን አማትዎ ከፈቀዱለት የፎቶግራፉን ቅጂ ይዞ፣ አንድ የስንዴ ገበሬ ስለ ምን የሁለት አገር ምልክት እንደለበሰ ለጓደኞቹ ማስረዳት ይበቃዋል። የሚቻል ከሆነም አያቱን በዚያ ቀን ወደ ክፍሉ ይጋብዙለት።