የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቁርስ ፈረቃ በዋሽንግተን

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። ወደ አሜሪካ ከመጣሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ሲሆን የምሠራው ዋሽንግተን መሀል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል ምግብ ቤት፣ በቁርስ ፈረቃ ነው። ከንጋቱ 11፡30 ገብቼ ከቀኑ 8 ሰዓት እወጣለሁ። ሜትሮው (የከተማው ባቡር) በሥራ ቀናትም ቢሆን ከንጋቱ 11 ሰዓት ስለሚጀምር አይደርስልኝም፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በመኪናዋ ትወስደኛለች፣ ለዚህም ከሌሊቱ 9፡30 እነሣለሁ። ደብረ ብርሃን ያሉት እናቴ ከኪዳን ሲመለሱ ልደውልላቸው ስል እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት አልተኛም። ቀን ገብቼ ሦስት አራት ሰዓት እተኛና ማታ ዓይኔ አልከደን ይላል። እሑድ እሑድ ስለምመደብ ቅዳሴ ካስቀደስሁ ወራት አልፈዋል፤ በጾም ወቅት ደግሞ ቆሜ ስውል ራሴን ያዞረኛል። አለቃዬም ክሎክ ኢን ከማድረጌ (የመግቢያ ሰዓቴን ከማስመዝገቤ) 15 ደቂቃ ቀድሜ ገብቼ ጠረጴዛ እንዳሰናዳ ትጠይቀኛለች። ሥራውን ልተወው ወይስ የሚለመድ ነገር ነው?

አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ እኔም በዚሁ ከተማ ስድስት ዓመት የቁርስ ፈረቃ ሠርቻለሁና ደብዳቤዎን ያነበብሁት የራሴን ታሪክ እንደማነብ ሆኜ ነው። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ። ሥራውን ለመተው አይቸኩሉ፤ ነገር ግን ሰውነቴ ቀስ በቀስ ይለምደዋል ብለውም አይጠብቁ። ማታው ካልተስተካከለ ንጋቱ አይለመድም።

ሂሳቡን አብረን እንይ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኝተው ከሌሊቱ 9፡30 ሲነሡ የሚያገኙት አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር ግን አንድ ትልቅ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ከ9፡30 ወደ ኋላ 7 ሰዓት ቢቆጥሩ ከምሽቱ 2፡30 ላይ ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አልጋዎ ውስጥ መሆን አለብዎት ማለት ነው። ለእርስዎ ሌሊት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፤ ይህንንም አብረውዎት የሚኖሩት፣ ጎረቤቶችዎና አገር ቤት ያሉት ዘመዶችዎ ሁሉ በግልጽ ሊያውቁት ይገባል። እኔ ይህን ለመናገር አፍሬ ሁለት ዓመት በከንቱ ተሠቃይቻለሁ፤ ሰው ቤቴ ተቀምጦ ሲጫወት ልተኛ ነው ማለት ነውር መስሎ ይታየኝ ነበር።

እንቅልፍን ይህን ያህል የማጠብቅበት ምክንያት ድካሙን ብቻ አስቤ አይደለም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ የሰውነት ሙቀት ከዕለቱ ሁሉ ዝቅ የሚልበትና የሰው ንቃት የሚደክምበት ሰዓት ነው፤ እርስዎና ባልደረባዎ መንገድ ላይ የምትሆኑትም ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሆቴል ሲደርሱ የሚጠብቅዎትን ደግሞ ያውቁታል፤ የቡና ማሽኑ ይፈላል፣ የእንቁላሉና የድንቹ መያዣዎች ከሥራቸው በትንንሽ የነዳጅ ቆርቆሮዎች ይሞቃሉ። የእነዚህ ቆርቆሮዎች ነበልባል በደማቅ መብራት ሥር ለዓይን እምብዛም አይታይም። አንድ ማለዳ ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቼ ገብቼ፣ ጠፍቷል ብዬ ያነሣሁት ቆርቆሮ እየነደደ ኖሮ አውራ ጣቴንና መዳፌን አቃጥሎኛል፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ባልደረባዎም ያልተኛች ዕለት ካለች መሪውን እንድትይዝ አይፍቀዱላት፤ በዚያን ቀን ሁለታችሁ ተካፍላችሁ ታክሲ መጥራቱ ይሻላል።

ቀን የሚተኙት ሦስት አራት ሰዓት የማታውን እንቅልፍ እየበላብዎት ነው። ቤት እንደገቡ 20 ደቂቃ ብቻ ጋደም ይበሉ፤ ደወል ሞልተው ይተኙ፣ ደወሉ ሲጮኽም ይነሡ። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማታ ዓይንዎ ያለ ልመና ይከደናል። በሰኔ የዋሽንግተን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2፡30 በኋላ ስለሆነ መኝታ ክፍልዎ ጥቁር መጋረጃ ያስፈልገዋል። ቡናንም በሚመለከት፣ የጠጡት ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም በደም ውስጥ ይቀራልና የመጨረሻውን ስኒ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይጠጡ። ጎረቤት ከቀኑ 11 ሰዓት ቡና ጠጡ ሲል እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሄደው ይቀመጡ፣ ዕጣኑን ያሽትቱ፣ ቁርሱን ይቅመሱ፤ አቦሉን ግን ለዕረፍት ቀንዎ ያቆዩት።

አሁን ወደ እናትዎ ልምጣ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው እሱ ነውና። መደወልዎን አይተዉ፣ ሰዓቱን ብቻ ይለውጡት። የቁርስ ቡፌ ተነሥቶ ዕረፍት የሚወጡት ከጠዋቱ 4፡30 ገደማ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ከማርች እስከ ኖቬምበር ከቀኑ 11፡30፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ደግሞ ከምሽቱ 12፡30 ነው። እናትዎ የቀኑን ሥራ ጨርሰው፣ ምናልባትም የማታ ቡናቸውን እያፈሉ ያገኙአቸዋል። ዐሥር ደቂቃም ቢሆን፣ ሳያንቀላፉ የሚያወሩት ዐሥር ደቂቃ እኩለ ሌሊት እያዛጉ ከሚያወሩት አንድ ሰዓት ለእሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

ክሎክ ኢን ሳያደርጉ ስለሚሠሩት 15 ደቂቃ መልሴ አጭር ነው፤ ሥራ ነውና ሊከፈልዎት ይገባል። አሠሪው እያወቀና እየጠየቀ የሚሠራ ማንኛውም ደቂቃ በሥራ ሰዓትነት ይቆጠራል፤ በሳምንት ከ40 ሰዓት ካለፈም እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፌዴራል ሕግ ትርፉ በአንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። በሳምንት አምስት ቀን የሚሠሩ ከሆነ 15 ደቂቃዋ በዓመት 65 ሰዓት ትሆናለች። ለአለቃዎ በትሕትና «በ11፡15 ክሎክ ኢን አድርጌ ላሰናዳ ወይስ በ11፡30 ገብቼ ልጀምር?» ብለው ይጠይቁ፤ ጥያቄውንም በጽሑፍ ያድርጉት። የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት በራስዎ ደብተር ይመዝግቡ። በዋሽንግተን ብዙ የሆቴል ሠራተኞች ዩናይት ሂር ሎካል 25 በተባለው የሠራተኞች ማኅበር (ዩኒየን) የታቀፉ ስለሆኑ ሆቴልዎ ዩኒየን ካለው ተወካዩን ያነጋግሩ። ዩኒየን ከሌለውም፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ስለሚያስገድድ፣ እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብለው አቤቱታዎን አያስቀሩ።

የእሑዱ ጉዳይ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ግዴታ እንዲያስተናግድ ይጠይቃል። እሑድ አልሠራም ባለ አንድ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ላይም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰጠው ውሳኔ፣ አሠሪ እምቢ ማለት የሚችለው ጥያቄውን መፈጸም በሥራው ላይ ከባድ ተጨማሪ ጫና እንደሚያመጣበት ሲያሳይ መሆኑን አስረድቷል። ይህ ማለት ግን እሑድ ሁሉ ነጻ ይሆናሉ ማለት አይደለም፤ የእሑድ ጠዋት ለሆቴል ምግብ ቤት ብዙ እንግዳ የሚስተናገድበት ጊዜ ነው። ስኬጁሉ ከተለጠፈ በኋላ ከማልቀስ ይልቅ ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት ቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ባዶ እጅዎንም አይሂዱ። ዓርብ ለጁምዓ የሚቸገር ወይም ቅዳሜ ሰንበት የሚያከብር ባልደረባ ካለ የእሱን ፈረቃ እርስዎ፣ የእርስዎን እሑድ እሱ ሊሸፍን ይችላል። እኔ በወር ሁለት እሑድ ያገኘሁት ከአንዲት የሞሮኮ ተወላጅ ጋር ዓርብን ተለዋውጬ ነበር፤ በጠብ አንድም እሑድ አላገኘሁም።

ስለ ጾሙ እኔ መምህር ስላልሆንሁ ብዙ አልናገርም። ለንስሐ አባትዎ «ሥራዬ ይከብዳል» ብቻ አይበሏቸው፤ ከስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆሙ፣ ራስዎን እንዳዞረዎትም አንድ በአንድ ያስረዷቸው፤ እሳቸውም እንደ አቅምዎ ይወስኑልዎታል። ማዞሩ ከጾም ውጭም ካለ ግን ሐኪም ይይዎት። በጾም ዋዜማ ማታ ሽሮውን ወይም ምስሩን ጠገብ አድርገው ይብሉ፣ ውኃም በብዛት ይጠጡ፤ ባዶ ሆድ ሆነው ከባድ የዕቃ ቁልል ለማንሣት ባልደረባ ይጥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማርች በገባ በሁለተኛው እሑድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን እዚህ ሰዓቱ ወደ 9 ይዘላል፤ በዚያ ሌሊት አንድ ሰዓት ስለሚያጡ ከዓርብ ጀምረው ቀደም ብለው ይተኙ። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ደግሞ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ግን ፈጽሞ አይለወጥም። ስለዚህ በኖቬምበር ስልክዎ ደብረ ብርሃን የሚደርሰው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ነውና፣ እናትዎ ምን ሆና ይሆን ብለው እንዳይጨነቁ አስቀድመው ይንገሯቸው።