ለትሪኒዳድ ካርኒቫል እንዴት እንዘጋጅ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከሜሪላንድ ሦስት ጓደኛሞች ሆናችሁ በካሪቢያኗ ደሴት በትሪኒዳድ ለሚደረገው የ2027 ካርኒቫል፣ ለዚያ የጎዳና ጭፈራና ሰልፍ በዓል፣ ልትሄዱ እንዳሰባችሁ ጽፈሻል። ኮስትዩሙ መቼና ከየት ይገኛል፣ የትኞቹ ፓርቲዎች ላይ እንገኝ፣ ዘፈኖቹን ሳናውቅ ብንሄድ ምን ይውጠናል፣ ደግሞስ ጾም ይገባብን ይሆን ወይ ብለሻል። ባለቤቴ የዋና ከተማዋ የፖርት ኦፍ ስፔን ልጅ ነው። አማቶቼ ቤት ካርኒቫል ከገና ማግስት ጀምሮ ስለሚገባ ያየሁትን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ከጾሙ ልጀምር፣ እሱ ቀን ያስቆርጣልና። ካርኒቫሉ ሁልጊዜ በምዕራባውያን አቆጣጠር የጾማቸው መግቢያ ከሆነው ረቡዕ በፊት ባሉት ሰኞና ማክሰኞ ነው የሚውለው። የእኛ ፋሲካ ከእነሱ ጋር ሲገጥም ወይም በሳምንት ሲለያይ ሁዳዴ ካርኒቫሉን ይደርስበታል። በ2026 የካርኒቫሉ ሰኞና የሁዳዴ መያዣ አንድ ቀን ላይ፣ ፌብሩዋሪ 16 ነበር የዋሉት። በ2028 ደግሞ ካርኒቫሉ የሚውለው በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ነው። በ2027 ግን ካርኒቫሉ ፌብሩዋሪ 8 እና 9 ነው፣ በእኛ የካቲት 1 እና 2 መሆኑ ነው። ነነዌ የሚገባው ፌብሩዋሪ 22፣ ሁዳዴ ማርች 8። ስለዚህ የመረጣችሁት ዓመት ደህና ነው፣ ለሚቀጥለው እንዳታስተላልፉት። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነም አትቸገሩም። የደሴቲቱ ሰው ጠዋት ጠዋት ቆሞ የሚበላው ደብልስ በሁለት ለስላሳ የተጠበሰ ቂጣ መሃል የሚገባ የሽምብራ ወጥ ነው፣ ሥጋም ቅቤም የለውም። ሻጩ ቃሪያውን ሲጠይቃችሁ «ስላይት» በሉት፣ ትንሽ ማለታችሁ ነው። የእኛን በርበሬ የለመደ ሰውም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ያንን ቃሪያ በደንብ ቢያከብረው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ኮስትዩሙ ነው። እኔ ግን ዝግጅታችሁን ከሙዚቃው ጀምሩ እላለሁ። ካርኒቫሉን ቆሞ ማየት ይቻላል፣ ነገር ግን እናንተ የምትሄዱት መንገድ ላይ ወርዳችሁ ልትጫወቱ ነው። ከሰልፉ ጋር ከሚሄደው የሙዚቃ ጭነት መኪና ላይ የሚወጣው ዘፈን እጅ አንሡ፣ ዝለሉ፣ ወደ ግራ ሂዱ፣ ባንዲራ አውለብልቡ እያለ ያዛል፣ በሺህ የሚቆጠር ሰውም አብሮ ይታዘዛል። ዘፈኑን የማታውቅ ሴት ኮስትዩሟ የቱንም ያህል ቢያምር እዚያ መሃል እንግዳ ሆና ነው የምትውለው።

ሶካ የሚባለው የካርኒቫሉ ሙዚቃ በየዓመቱ አዲስ ነው። የወቅቱ ዘፈኖች ከዓመቱ መጨረሻ ጀምረው መውጣት ይጀምራሉ፣ ጃንዋሪ ላይ ይጎርፋሉ። ያን ጊዜ የትሪኒዳድን ሬዲዮ በኢንተርኔት ክፈቱና መኪና ውስጥም፣ ወጥ ቤትም ስሙ። ማሼል ሞንታኖ፣ በንጂ ጋርሊን፣ ፌይ አን ላየንስ፣ ፓትሪስ ሮበርትስ፣ ዴስትራ ጋርሲያ፣ ኬስ ምን እንዳወጡ ተከታተሉ። ከእነዚህ ዘፈኖች አንዱ «ሮድ ማርች» የሚባለውን ማዕረግ ይወስዳል፣ ይኸውም በሁለቱ ቀናት ሰልፈኞቹ በዳኞቹ ፊት ሲያልፉ ከሁሉም ይበልጥ የተጫወተው ዘፈን ነው። አማቶቼ ቤት በዚህ ጉዳይ የሚነሣው ክርክር ከምርጫ ክርክር ይብሳል። ጎራ ለይታችሁ ሂዱ፣ ጨዋታው የሚጥመው ያኔ ነው።

ሶካን በ1970ዎቹ ካሊፕሶ ከተባለው የደሴቲቱ ነባር ዘፈን ያወጣው ሎርድ ሾርቲ ይባላል፣ በኋላ ራስ ሾርቲ አይ ተብሏል። የካሊፕሶውን ምት ሕንዶች ወደ ደሴቲቱ ካመጡት ምት ጋር አዋሃደው። ዛሬ የምትሰሟት ናይላ ብላክማን የልጅ ልጁ ናት። ሁለት ዓይነት ሶካ እንዳለ እወቁ። ግሩቪ የሚባለው ረጋ ያለ ነው፣ በወገብ የሚጨፈር። ፓወር ሶካ ግን በደቂቃ ወደ 160 ምት ይደርሳል፣ ያ እንደ ጉራጌ ጭፈራ እግር ይፈልጋል። እኛ በትከሻ ነው ያደግነው፣ እነሱ በወገብ። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ ተለማመዱ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀንም ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ አድርጉ። ማክሰኞ ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ በፀሐይ ውስጥ ነው የምትውሉት፣ ያን ቀን ሰው የሚደክመው በጭፈራው ሳይሆን በመቆምና በመራመዱ ነው።

ከተቻለ ከካርኒቫሉ በፊት ባለው ሐሙስ ድረሱ። ምክንያቱ ስቲልፓን የሚባለው የብረት ከበሮ ነው። የቅኝ ገዢዎቹ መንግሥት በ1880ዎቹ ከበሮ ሲከለክል ሕዝቡ ቀርከሃ መሬት ላይ እየወቀጠ መጫወት ያዘ፣ በ1930ዎቹ ደግሞ ከቆርቆሮና ከነዳጅ በርሜል ይህን መሣሪያ ፈጠረ። ሌሊት ሌሊት የፓን ቡድኖቹ በየግቢያቸው ይለማመዳሉ፣ ገብታችሁ መስማት ትችላላችሁ። ኦል ስታርስ ዱክ ስትሪት፣ ሬኔጌድስ ቻርሎት ስትሪት፣ ፌዝ ቱ ውድብሩክ ውስጥ ናቸው። እስከ 120 ተጫዋች አንድ ዘፈን ለስምንት ደቂቃ ሲጫወት አጠገቡ የቆመ ሰው ድምፁን በደረቱ ነው የሚሰማው። ውድድሩ ፓኖራማ ይባላል፣ ከ1963 ጀምሮ አለ፣ ፍጻሜው ከካርኒቫሉ በፊት ያለው ቅዳሜ ማታ ኩዊንስ ፓርክ ሳቫና በተባለው የከተማው ትልቅ ሜዳ ነው። እኔን ብትጠይቂኝ ከማንኛውም ውድ ፓርቲ ይበልጥብኛል።

ኮስትዩሙ። እዚያ «ባንድ» ሲሉ የሙዚቃ ቡድን ማለታቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ጭብጥ የሚለብስ፣ መኪናና ሙዚቃ ይዞ አብሮ የሚወጣ የሰልፈኛ ድርጅት ነው። ትራይብ፣ ብሊስ፣ ዩማ፣ ሎስት ትራይብ የታወቁት ናቸው። በዓመቱ አጋማሽ ላይ፣ በብዛት ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር፣ የሚቀጥለውን ዓመት ልብስ ያሳያሉ፣ ወዲያውም ምዝገባ ይከፍታሉ። ባንዱ በሴክሽን ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ሴክሽን የራሱ ቀለም አለው። በሴክሽኑ ውስጥ ደግሞ ባክላይን የሚባለው ቀለል ያለው፣ ፍሮንትላይን ትልቅ ላባ የተሸከመው ነው። ተፈላጊው ሴክሽን ቶሎ ያልቃል። ዋጋው በአሜሪካ ዶላር ብዙ መቶ ነው፣ ፍሮንትላይን ከሺህ ያልፋል። ውድ ነው፣ ግን የጨርቁ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሁለት ቀን መጠጥና ምግብ፣ ጥበቃ፣ የሕክምና ሰው፣ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤትና የሙዚቃ መኪና በአብዛኛው አብሮ ይገኝበታል። ቀብድ ከፍላችሁ ቀሪውን በየጊዜው መጨረስ ይቻላል።

አሁን ስሚኝ፣ በፎቶ የምታዩት ልብስ ቢኪኒና ዕንቁ ነው። ያ የሚመቻት ትልበሰው፣ ያምራልም። ካልተመቻችሁ ግን ካርኒቫሉ ለእኛ አይሆንም ብላችሁ እንዳትቀሩ። ሙሉ የሆነ ባለ አንድ ወጥ ልብስ ያላቸው ሴክሽኖች አሉ። ከዚያም አልፎ የጥንቱ ማስ፣ ማለትም የአንድ ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሶ መጫወት፣ አለ። የመርከበኛ ማስ ሙሉ ልብስ ነው፣ ነጭ ሱሪና ሸሚዝ፣ ኮፍያ፣ እጅ ላይ ፓውደር፣ ከፊት ስቲልፓን። ዴም ሎሬይን የሚባለችው እስከ እግር የሚደርስ ቀሚስ ለብሳ የባለርስት ሚስቶችን ትቀልድባቸዋለች። ሚድናይት ሮበር ባለ ሰፊ ባርኔጣ ሆኖ እየፎከረ መንገድ ይዘጋል፣ ፉከራውን ቆማችሁ ስሙት፣ እኛ ፉከራ እናውቃለን። ሞኮ ጃምቢ በረጅም እንጨት ላይ የሚሄድ ነው፣ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ። የባለቤቴ እናት ዕድሜዋን ሙሉ መርከበኛ ሆና ነው የተጫወተችው። እኔም አብሬያት ከወጣሁ ወዲህ ልቤ ወደዚያ ነው የሚያደላው፣ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል።

ትልቁን ላባ ከመረጣችሁ ልብሱን የምትረከቡት ከካርኒቫሉ በፊት ባለው ሳምንት አካባቢ ነው። እንደተረከባችሁ እዚያው ለኩት፣ ይዛችሁ ወጥታችሁ ቤት ከደረሳችሁ በኋላ መመለስ ያስቸግራል። አንድ ዓመት የእኔ የራስ ጌጥ ሽቦው ተላቆ ነበር የደረሰኝ፣ የባለቤቴ እህት ሌሊቱን በሽቦና በሙቅ ሙጫ ጠገነችው። እሷ ቤት በዚያ ሳምንት ጠረጴዛው ላይ መርፌ፣ ክር፣ መርፌ ቁልፍና ሙጫ አይጠፋም። ላባው የሚውለው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ሰው ቀለል ያለ የራሱን ልብስ ነው የሚለብሰው፣ ስለዚህ ለሰኞ የሚሆን አጭር ልብስ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ፓርቲዎቹ፣ ፌት ነው የሚሏቸው። ከጃንዋሪ ጀምሮ በየቀኑ አለ ማለት ይቻላል። አንዳንዱ በትኬቱ ዋጋ ምግብና መጠጡ የሚካተትበት ነው፣ ውድ ነው። አንዳንዱ መጠጣችሁን በራሳችሁ ማቀዝቀዣ ሣጥን ይዛችሁ የምትገቡበት ነው። ጎሕ ሲቀድ የሚጀምር የቁርስ ፌትም አለ። ትምህርት ቤቶች ገቢ ለማሰባሰብ የሚያዘጋጇቸውን እወዳለሁ፣ ምግቡ ጥሩ ነው፣ ቤተሰብም አይጠፋበትም። በሁለት ቀን ከአንድ በላይ አትያዙ። አራት አምስት ትኬት ገዝቶ ሰኞ ጠዋት አልጋ ላይ የሚውል ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። ፐንቸን የሚባለውን ነጭ ሩም ተጠንቀቁ፣ 75 በመቶ አልኮል ነው። ለሌሊት መመለሻ የታወቀ ሹፌር ቀድማችሁ ያዙ፣ ሦስታችሁ ሳትለያዩ ግቡ፣ ውጡ። በጭፈራ መሃል ከኋላ የሚጠጋ ሰው ይኖራል። ካልፈለጋችሁ ዞር ብሎ እጅ ማሳየት ይበቃል፣ ያለ ፈቃድ መንካት እዚያም ወንጀል ነው።

ለአንድ ነገር ብቻ ገንዘብ አለን ብትይኝ ጁቬን ምረጡ እላለሁ። ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በእነሱ 4 ላይ፣ በጨለማ ይጀመራል። ሰው ሁሉ ጭቃ፣ ቀለም፣ ካካዎ ተቀብቶ፣ ሀብታሙ ከድሃው ሳይለይ ፀሐይ እስክትወጣ ይጨፍራል። ይህ ከባርነት ነፃ የወጡት ሰዎች ችቦ ይዘው ይወጡበት ከነበረው ካምቡሌ የወረደ ነው። በ1881 ፖሊስ ችቦውን ሊያስጠፋ ሲመጣ ሕዝቡ በዱላ ገጥሞ አስመልሶታል። ያ ግጭት ዛሬም ከካርኒቫሉ በፊት ባለው ዓርብ ሊነጋጋ ሲል በፒካዲሊ ግሪንስ አደባባይ በቲያትር ይታያል። ከቻላችሁ ልብሳችሁን ከመልበሳችሁ በፊት እሱን እዩት፣ በሁለቱ ቀን የምትረግጡት መንገድ በምን ዋጋ እንደተገኘ ይገባችኋል። ለጁቬ አሮጌ ልብስና የሚጣል ጫማ ልበሱ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ገላችሁን ቫዝሊን ወይም ዘይት ተቀቡ፣ ቀለሙ በቀላሉ ይለቃል። ጸጉራችሁን ሹሩባ ተሠሩ፣ ለጭቃውም ለማክሰኞው የራስ ጌጥም ይመቻል።

ሻንጣ ውስጥ፦ የፀሐይ ቅባት፣ የጆሮ መሰኪያ (የመኪናው ድምፅ ቀልድ አይደለም)፣ ቀድማችሁ ያለማመዳችሁት ጫማ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ትንሽ ቦርሳ። የወታደር ቀለም ያለው ልብስ፣ ሱሪም ሆነ ኮፍያ፣ በፍጹም እንዳትይዙ፤ በትሪኒዳድ ለሲቪል ሰው በሕግ የተከለከለ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ለጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋችሁም፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዝ ካለች ግን ከሁሉ በፊት የቪዛዋን ጉዳይ ትጨርስ።

ባንዲራችንንም ያዙ። ሁሉም የአገሩን ያውለበልባል፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሲያዩ ደግሞ የሚጠጓችሁ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጣልያን ሲወረን ታይገር የተባለው ካሊፕሶ ዘፋኝ በ1936 ሙሶሊኒን የሚነቅፍ ዘፈን አውጥቷል። ጃንሆይም በኤፕሪል 1966 ወደ ጃማይካ ከመሻገራቸው በፊት ትሪኒዳድን ጎብኝተዋል። ያንን ቀን ከልጅነታቸው የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አግኝቻለሁ፣ ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው ወንበር ነው የሚያቀርቡልኝ።

ገንዘቡ ወይም የዕረፍት ፈቃዱ ካልተመቻችሁ ሌሎች ካርኒቫሎችም አሉ፦ የቶሮንቶው በኦገስት መጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ ነው፣ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት። የለንደኑ ኖቲንግ ሂል በኦገስት መጨረሻ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው። የብሩክሊኑ የሌበር ደይ ዕለት ነው፣ ለእናንተ በመኪና ይደረሳል።

የመመለሻ ትኬታችሁን ሐሙስ አድርጉት። ረቡዕ ሰው ሁሉ ወደ ማራካስ ባሕር ዳርቻ ነው የሚወርደው፣ እግር የሚያርፈውም እዚያ ነው። አሁን የሦስታችሁንም የደረት፣ የወገብና የዳሌ ልክ ለኩና ያዙ። ቢኪኒ፣ አንድ ወጥ ወይስ መርከበኛ የሚለውን ተነጋግራችሁ ወስኑና እዚሁ ሥር ጻፉልኝ፣ ምዝገባ ሲከፈት የባለቤቴን እህት እጠይቅላችኋለሁ።