ስኮትላንዳዊ ማነው? ጥያቄና መልስ

ስለ ስኮትላንድ ብሔርተኝነትና ስለ መጤዎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከመርሳ የደረሱኝን እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ጋሼ፣ ብሔርተኛ መጤ ይጠላል አይደል እንዴ? (ደሴ)
ሁሉም አይጠላም። እዚያ ስኮትላንድ ከብሪታንያ ተነጥላ ነጻ እንድትሆን የሚታገለው ብሔራዊ ፓርቲ በ1934 የተመሠረተ ነው። ዛሬ የሚለው፣ ስኮትላንድ የሚኖር ሁሉ የአገሩ ሰው ነው። የ2014ቱን የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ እይ። ኤድንብራ የሚኖር ፖላንዳዊ ድምፅ ሰጠ። ግላስጎ ተወልዶ ለንደን የከተመው ግን አልሰጠም። የአያት የቅድመ አያት ጥያቄ የለም፤ አድራሻህ ይበቃል። ነጻነት ፈላጊዎቹ 45 ለ55 ተሸነፉ እንጂ።

የመጤ ልጅ ሥልጣን ያገኛል? (ኮምቦልቻ)
አግኝቷል። ሐምዛ ዩሱፍ፣ አባቱ ከፓኪስታን እናቱ ከኬንያ የመጡ፣ ሙስሊም፣ በ2023 የስኮትላንድ መሪ ሆነ። በዓመቱ ለቀቀ። ምክንያቱ ዘሩ አልነበረም፤ ከአረንጓዴዎቹ ፓርቲ ጋር የነበረውን ስምምነት አፍርሶ ጣጣ ውስጥ ገባ።

ሕዝቡስ እንደ እኛ እንግዳ ይወዳል? (መርሳ)
እቱ፣ እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ከሕዝበ ውሳኔው በፊት በተደረገ ጥናት 58 በመቶው የመጤ ቁጥር ይቀንስ ብሏል። በእንግሊዝና ዌልስ 75 በመቶ ነበር። የተሻለ ነው፤ ግን ከግማሽ በላይ ነው! ፓርቲው ከሕዝቡ ቀድሞ ሄዷል። በሌላ በኩል ደግሞ በግንቦት 2021፣ በዒድ ቀን፣ ግላስጎ ውስጥ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ሁለት ሰዎችን መኪና ውስጥ አስገቡ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ መኪናውን ከበበ። አንዱማ ከሥሩ ገብቶ ተኛ። ከሰዓታት በኋላ ሰዎቹ ተለቀቁ። ያ ሰፈር ለእኔ ከመቶኛው ይበልጥብኛል።

ልጄ ሊሄድ ይላል። ቪዛ ይሰጡታል? (ደሴ)
እማማ፣ ቪዛ የሚሰጠው የለንደኑ የብሪታንያ መንግሥት ነው። ኤድንብራ ያለው የስኮትላንድ ፓርላማ በዚህ ጉዳይ ሥልጣን የለውም። እውነቱን ልናገርና፣ በራስህ እጅ በሌለ በር ደግ መሆን ቀላል ነው። ሰው መፈለጋቸው ግን የምር ነው፤ ከ2015 ጀምሮ በየዓመቱ ከሚወለደው የሚሞተው ይበልጣል። ብቻ ደላላ በዚህ ወሬ እንዳያታልልዎት። አብሽሩ፣ ልጅዎ መጀመሪያ ሙያ ይያዝ።

ወሎዬነትስ እንዲሁ አይደለም? (ኮምቦልቻ)
ይመስላል። ወሎዬ ሲባል ሙስሊም ነህ ክርስቲያን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አንድ ቤት ውስጥም ሁለቱ ይገኛሉ። ግን ወንድሜ፣ ቡና አፍልቶ መቀበል ሌላ፣ ድምፅ መስጠት ሌላ። ስኮትላንድ በ2020 ባወጣችው ሕግ ጥገኝነት ያገኘ ስደተኛ ዜግነት ሳይኖረው የስኮትላንድ ፓርላማ አባል ይመርጣል። በእኛ ሕግ የሚመርጠው ዜጋ ብቻ ነው። ከጎረቤት አገር መጥቶ ደሴ የኖረ ሰው ይምረጥ ብንባል ምን እንል ይሆን?