ባሕር ዛፍ በተቆረጠበት ማሳ ገብሱ ለምን ቢጫ ሆነ?

ጥያቄ፦ ከደሴ ወደ ቦሩ ሜዳ በሚወስደው መንገድ፣ ዳገት ላይ፣ የባሕር ዛፍ ቦታ ነበረኝ። ቆርጬ ገብስ ስዘራ ይህ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፤ ቁመቱም ከጉልበት አላለፈም። ጥጉ ላይ ያለው ባቄላ ግን ለምለም ነው። የአፈሩን አሲድ ያበርዳል ብዬ ኖራ ጨምሬ ለውጥ አላየሁም። ጉቶውን ሁሉ ልንቀለው?

መልስ፦ ጉቶውን አይንቀሉ! ዳገቱን ይዞ የቆመው ያ ሥር ነው። የመሬት መንሸራተት ምን እንደሚያደርግ ለደሴ ሰው አይነገርም። የሚያቆጠቁጠውን ብቻ እየቆረጡ፣ በመካከሉ አፈር የሚይዘውን ዴሾ ሣር ይትከሉ።

የገብሱ ችግር ቅጠልን የሚያለመልመው ምግብ፣ የናይትሮጅን እጥረት ይመስለኛል። ነገሩን የጠቆመኝ ባቄላው ነው። ባቄላ አሲዳማ አፈር አይወድም፤ ጥፋቱ የአሲድ ቢሆን ኖሮ እሱም በቀጨጨ ነበር። ናይትሮጅን ግን በሥሩ እባጮች ያሉ ባክቴሪያዎች ከአየር ወስደው ያዘጋጁለታል። አንድ ሥር ነቅለው እባጩን በጥፍርዎ ይሰንጥቁት፤ ውስጡ ቀላ ካለ ሥራውን እየሠራ ነው።

ሰው ሁሉ «ባሕር ዛፍ አፈሩን መረዘው» ይላል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ኮምቦልቻ አጠገብ የጎፍ ደን ገብተው መሬቱን በእጅዎ ይግለጡ። ከላይ ደረቅ ቅጠል፣ ከሥሩ ግማሽ የበሰበሰ፣ ከዚያ ጥቁር አፈር ያገኛሉ። ደን የወሰደውን ይመልሳል። ከእኛ ማሳ እህሉ ወደ ጎተራ፣ ገለባው ለበሬ፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይሄዳል። በላዩ ላይ ማረሻው አየር እያስገባ የቆየውን ብስባሽ ቶሎ ያስጨርሰዋል። ከእርስዎ ቦታ ደግሞ ግንዱ ተሽጦ፣ ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ፣ የቀረው ካርቦን የበዛበት፣ ናይትሮጅን ያነሰው ሥርና ፍርፋሪ ነው። ያ ሲታረስ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሊያበሰብሱት ይረባረባሉ፤ የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ። ገብሱ የሚደርሰው ከእነርሱ የተረፈው ነው። ብስባሹ ሲያልቅ መልሰው ይለቁታል፤ እስከዚያው ግን ሰብሉ ይራባል።

ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቦታ ይለኩና አፈሩ እርጥብ ሲሆን ናይትሮጅን የሚሰጠውን ማዳበሪያ፣ 40 ግራም ዩሪያ ይበትኑበት። በአሥር ቀን ውስጥ አረንጓዴው ከተመለሰ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ማኅተሙ የተፈታ ርካሽ ከረጢት ግን አይግዙ። ጥቂቱን በብርጭቆ ውኃ ይበጥብጡት፤ ንጹሕ ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፣ አሸዋ ከሥር ከቀረ ለሻጩ ይመልሱለት። ያለ አፈር ምርመራ ኖራ ያስገዛዎትም ሰው ገንዘብዎን ነው የበተነው። እንዲህ ያለውን ጥገና ስንት ማሳ ላይ አይቼ ተናድጃለሁ!

ለከርሞ ባቄላውን ወደ ገብሱ ቦታ ያዛውሩት፤ ሲያጭዱም ሥሩን መሬት ውስጥ ይተዉት። ኮምፖስት በደንብ ከበሰለ በኋላ ብቻ ይጨምሩ፤ ጥሬ ገለባና ሰጋቱራ ያንኑ ረሃብ ያባብሰዋል። ኮምፖስቱንም ሜዳው ላይ ይከምሩት እንጂ ጉድጓድ ብለው የዳገቱን እግር አይቆፍሩ፣ በክረምት ደግሞ ፈጽሞ።